መሣሪያው ስላነሰ ብቻ ተንቀሳቃሽ አይሆንም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ተንቀሳቃሽ የሕክምና መሣሪያዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው በአምስት ነጥቦች ይከራከራሉ። አንደኛ፣ በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች የሆስፒታሉ ማሽኖች አንሰው የቀረቡ ስለሆኑ ፈጠራ ሊባሉ አይገባም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ቁጥር ቁጥር ነው፤ ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ የሚያሳየውና ላቦራቶሪ የሚሰጠው ውጤት አንድ ነው። ሦስተኛ፣ ቁጥጥሩን ለኤሌክትሮኒክስ ከሰጠነው የሰው ስሕተት ይቀራል። አራተኛ፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ርካሽ ስለሆነ የመሣሪያው ዋጋ ዝርፊያ ነው። አምስተኛ፣ ፈጠራን የገደለው ደንብ ነው።

ጽሑፉ ጥሩ አንደበት አለው፤ ብዙ ሰው የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። የእነዚህን መሣሪያዎች ሆድ ዕቃ ከፍቶ መፈተሽና መጠገን ሥራዬ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከአምስቱ አራቱ ስሕተት ናቸው፤ አንዱ ግማሽ እውነት አለው። የስሕተቱ ምንጭ ደግሞ አንድ ነው፦ ጸሐፊው መሣሪያን የሚመዝኑት ሁሉ ነገር ሲሰምር በሚሠራው ሥራ ነው። ሆስፒታል ውስጥ አንድን ማሽን የሚደግፉት ብዙ ነገሮች አሉ። የመጠባበቂያ ኃይል አለ፣ አላርም ሲጮኽ የምትመጣ ነርስ አለች፣ ንባቡ ሲያጠራጥር ደም የሚላክበት ላቦራቶሪ አለ፣ ማሽኑ ሲበላሽ የሚተካ ሌላ ማሽን አለ። መሣሪያው ከዚያ ቤት ሲወጣ እነዚህን ሁሉ ትቶ ነው የሚወጣው። የተተዉትን በራሱ ሆድ ውስጥ እንዲተካ ማድረግ ነው ትልቁ ፈጠራ፤ ጽሑፉ ውስጥ ይህ አንድም ቦታ አልተነሳም።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። ጸሐፊው የልብ ምት ማስተካከያውን፣ ማለትም ፔስሜከርን፣ ለክርክራቸው ይጠቅሳሉ። ጥሩ፣ እሱኑ እንይ። ኦክቶበር 31 ቀን 1957 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ለሰዓታት መብራት ጠፋ። በዚያን ጊዜ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕፃናት ምታቸው የሚደገፈው ከግድግዳ ሶኬት በሚሠራ፣ በጋሪ በሚገፋ ማሽን ነበር። ከመብራት መጥፋቱ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ዋልተን ሊለሃይ፣ የሆስፒታሉን መሣሪያዎች ይጠግን የነበረውን ኧርል ባከንን መፍትሔ ጠየቁት። ባከን በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ ታትሞ የነበረን የሜትሮኖም፣ ማለትም የሙዚቃ ምት መጠበቂያ፣ ባለሁለት ትራንዚስተር ሰርኪት መሠረት አድርጎ በአራት ሳምንት ገደማ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሳጥን ይዞ መጣ።

ጉዳዩ ማነስ ብቻ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ። ሳጥኑ ልጁ ላይ ሲንጠለጠል ግን የምቱን ፍጥነትና የከረንቱን መጠን የሚወስኑት ማዞሪያዎች ከልጁ እጅ ሥር ገቡ። ጋሪው ላይ ለነበረው ማሽን ይህ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ በኋላ ለአገልግሎት በቀረበው ሳጥን ላይ ማዞሪያዎቹ ወደ ውስጥ ጠለቅ እንዲሉ ተደረገ፤ ልጅ በጨዋታ እንዳያዞራቸው። ትራንዚስተሩን ሁሉም ያደንቃል፤ እኔ ያችን ጎድጓዳ ቦታም እኩል አደንቃለሁ፤ ነርሷ በሌለችበት የነርሷን ዓይን ተክታ የገባች ናትና።

ከዚህም የሚጎላው ለስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን የሚሰጠው መሣሪያ፣ የኢንሱሊን ፓምፕ ነው። ጸሐፊው «ባዮስታተር የተባለው ማሽን በ1970ዎቹ ስኳርን እየለካ በራሱ ኢንሱሊን ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ ማሳነስ ነው» ባይ ናቸው። ባዮስታተር ከአልጋ አጠገብ የሚቆም ትልቅ ማሽን ነበር። ደም በቀጥታ ከሥር እየሳበ ይለካል፤ ስኳሩ ከፍ ሲል ኢንሱሊን፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣል። ወገብ ላይ የሚታሰረው ፓምፕ እነዚህን ሁሉ አጥቷል። ደሙን አያገኘውም፤ ሴንሰሩ የሚለካው ከቆዳ ሥር ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ነው፣ ያ ደግሞ ከደሙ በደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። ኢንሱሊኑም ከቆዳ ሥር ስለሚገባ ጉልበቱ የሚጠነክረው ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ ከዚያም ለሰዓታት መሥራቱን ይቀጥላል። ግሉኮስ የሚሰጥበት መንገድ ጭራሽ የለውም። ዘግይቶ ያያል፣ ዘግይቶ ይሠራል፣ የሰጠውን መልሶ መውሰድ አይችልም።

እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ ላይ የባዮስታተርን ቀመር ብትጭኑበት ሰውን ይጥላል። የዛሬዎቹ ፓምፖች ከዚህ ቀደም ከሰጡት ኢንሱሊን ምን ያህሉ ገና ሥራውን እንዳልጨረሰ እያሰሉ ከሚቀጥለው ይቀንሳሉ። ስኳሩ እስኪወርድ ሳይጠብቁ፣ ወደ መውረድ ሲያዘነብል መስጠት ያቆማሉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰው በተኛበት በኩል ሴንሰሩን ከተጫነው ንባቡ በሐሰት ያሽቆለቁላል። ሌሊት፣ ባለቤቱ እንቅልፍ ላይ እያለ፣ መሣሪያው ይህን ቁጥር ይመነው ወይስ ይጠርጥረው? ካመነው ያለ ምክንያት ኢንሱሊን ያቋርጣል፤ ከናቀው ደግሞ እውነተኛ መውረድ ሊያመልጠው ይችላል። ባዮስታተር እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በሴፕቴምበር 2016 ያጸደቀው ሚኒሜድ 670ጂ የሴንሰሩን ንባብ እየተከተለ ኢንሱሊኑን በከፊል በራሱ የሚያስተካክል የመጀመሪያው ፓምፕ ነበር፤ እሱም ቢሆን ለምግብ ጊዜ የተጠቃሚውን እጅ ይጠብቅ ነበር፣ ሴንሰሩን ማመን ሲያቅተው ደግሞ ከአውቶማቲክ ይወጣ ነበር። መቼ መተው እንዳለበት የሚያውቅ ተቆጣጣሪ መሥራት ከባዱ ክፍል ነው፤ ይህንን ማሳነስ ብሎ መጥራት የሰዎችን ልፋት መካድ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «ቁጥር ቁጥር ነው» የሚለው አባባል ውኃ አያነሳም። ጸሐፊው የጠቀሱት የፐልስ ኦክሲሜትርን ነው፤ ጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳየውን። የዚህን መሣሪያ አመጣጥ ላልሰማ ሰው ልንገር፣ ደስ ይለኛልና። ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ልብ የምትረጨውን የደም መጠን ለመለካት ይሠራ ነበር፤ ቀለም በደም ሥር ይሰጥና ጆሮ ላይ በብርሃን ይከታተለዋል። የደም ትርታው ንባቡን እያናወጠ አስቸገረው። ሊያጠፋው ሲታገል ትርታው ራሱ የሚፈልገውን እንደያዘ ገባው፦ ከትርታው ጋር የሚለዋወጠው ብርሃን በደም ወሳጅ ሥር ውስጥ ያለፈው ነው፤ የማይለዋወጠው በቆዳ፣ በሥጋና በአጥንት ያለፈው ነው። በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን የተገኘውን መለዋወጥ በጥምርታ ቢያስቀምጡት የኦክስጅኑ መጠን ይወጣል። ዛሬ ጣት ላይ የሚሰኩት ሁሉ በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት።

እንግዲህ ቁጥሩ ከደሙ በቀጥታ የተነበበ አይደለም። ጥምርታውን ወደ መቶኛ የሚቀይረው ሠንጠረዥ የተሞላው ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር እየተነፈሱ፣ ከደም ወሳጅ ሥራቸው ደም እየተቀዳ በተደረገ ንጽጽር ነው። ሰውን ለሙከራ ከ70 በመቶ በታች ማውረድ ስለማይገባ ከዚያ በታች የሚታየው ቁጥር ግምት ነው። ጣት ሲቀዘቅዝ ትርታው ይደክማል። በካርቦን ሞኖክሳይድ የታፈነ ሰው ደም ደግሞ ለመሣሪያው ኦክስጅን የጠገበ ይመስላል፤ ሰውየው እየሞተ ቁጥሩ 98 ሊል ይችላል። በዲሴምበር 2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣው ጥናት ከዚህም የሚያሳስብ ነገር አሳይቷል። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳየባቸው ንባቦች መካከል እውነተኛው የኦክስጅን መጠን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው ለነጭ ታካሚዎች በ3.6 በመቶው ሲሆን፣ ለጥቁር ታካሚዎች በ11.7 በመቶው ነበር። ይህን ጽሑፍ የምናነበው ሰዎች የቆዳችን ቀለም ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልገኝም። «አንድ ነው» ተብሎ የተነገረው ለእኛ ነው፤ ስለዚህ ነው ይህን ነጥብ ከሁሉ በላይ የተቃወምኩት።

ኦክሲሜትር ስፈትሽ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ሞገድ ነው። ሞገዱ ተስተካክሎ ከፍ ዝቅ ካለ ቁጥሩን እሰማዋለሁ። ከዚያ ጣቴን አንቀጠቅጣለሁ። ጨዋ መሣሪያ ምልክቱ ሲበላሽበት ቁጥሩን አንስቶ ሰረዝ ያሳያል፤ ሌላው ደግሞ ከሰከንዶች በፊት የነበረውን ቁጥር ይዞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሁለቱም በሰላሙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚሰጡት።

በዚሁ ተንቀሳቃሹን የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፣ ማለትም ከአየር ኦክስጅን ለይቶ ለታማሚው የሚሰጠውን መሣሪያ፣ ላንሳ፤ ጸሐፊው ባያነሱትም ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነው። በትከሻ የሚያዘው ትንሹ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን ያለማቋረጥ አይሰጥም፤ ሰውየው አየር መሳብ ሲጀምር በአፍንጫው ቱቦ ውስጥ የሚፈጠረውን ትንሽ የግፊት መቀነስ ተከትሎ አንዳንድ እፍታ ይለቃል። ስለዚህ ማዞሪያው ላይ ያለው 2 «በደቂቃ 2 ሊትር» ማለት አይደለም። ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ሲኬድም መጠኑ ይለያያል። ሰውየው ሲተኛ ትንፋሹ ስስ ይሆናል፣ ወይም በአፉ ይተነፍሳል፤ ያኔ መሣሪያው ትንፋሹን ላይሰማው ይችላል። ቁጥር ቁጥር ነው ያለ ሰው ይህን ለታማሚው ቤተሰብ እንዴት ሊያስረዳ ነው?

ሦስተኛው ነጥብ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሰውን ስሕተት ያስቀራል የሚለው፣ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ስሕተቱ አይቀርም፤ ቦታ ይቀይራል። ኤፍዲኤ ከ2005 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ብቻ ኢንፊዩዥን ፓምፖችን፣ ማለትም መድኃኒትና ፈሳሽ በተለካ መጠን ወደ ሰውነት የሚያስገቡ መሣሪያዎችን፣ የሚመለከቱ ወደ 56,000 የሚጠጉ የችግር ሪፖርቶች ደርሰውታል፤ 87 ጊዜም ፓምፖች ከአገልግሎት እንዲሰበሰቡ ወይም እንዲታረሙ ተደርጓል። ከተገኙት ጉድለቶች አንዱ እጅግ ትንሽ ነገር ነው። ቁልፍ ሲጫኑት ውስጡ ያለው ብረት ከመርጋቱ በፊት ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ይነጥራል፤ ሶፍትዌሩ ይህን ካላገናዘበ አንዷን ዜሮ ሁለት ዜሮ አድርጎ ይቀበላታል። ነርሷ 10 ብላ የጻፈችው 100 ይሆናል። የተሳሳተው ማን ነው? ነርሷ አይደለችም፤ ቁልፉ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚነጥር ያልጠየቀው ሰው ነው።

ሁሉ ነገር በትክክል ቢጻፍ እንኳ ሌላ አለ። ሲሪንጅ ፓምፕ፣ ማለትም መርፌን በሞተር ቀስ እያለ የሚገፋ ፓምፕ፣ ስፈትሽ በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ አዘውና ቱቦውን በመቆንጠጫ እዘጋዋለሁ። ስክሪኑ ላይ 1.0 ይላል። ሞተሩ ይዞራል፣ አረንጓዴው መብራት ይበራል፣ ለታካሚው ግን አንዲት ጠብታ አይደርስም። በዚህ ዝግታ ግፊቱ አላርሙ የሚጮኽበት ደረጃ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ይጮኻል። ሰው ደንግጦ መቆንጠጫውን ቢከፍተው ደግሞ በቱቦው ውስጥ ታፍኖ የቆየው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይገባል፤ መድኃኒቱ የልብ ከሆነ ይህ ራሱ አደጋ ነው። በደንብ የታሰበበት ፓምፕ አላርሙን ካሰማ በኋላ ሞተሩን ትንሽ ወደ ኋላ መልሶ ግፊቱን ያስተነፍሳል። ያችን የሞተር ኋሊት እንቅስቃሴ በጆሮዬ ስሰማ የሠራውን ሰው አመሰግናለሁ። በማስታወቂያው ላይ ግን ተጽፋ አታውቅም።

በሶፍትዌር ላይ ብቻ መመካት ምን እንደሚያስከትል የሕክምናው ዓለም በቴራክ-25 ተምሯል። ይህ የጨረር ሕክምና ማሽን ነው፤ ተንቀሳቃሽ አይደለም፣ ነገር ግን ስለ ኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይገባም። ከ1985 እስከ 1987 ድረስ ስድስት ታካሚዎች ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር እንዳገኙ ታውቋል፤ ከእነሱም የሞቱ አሉ። ከእሱ በፊት የነበረው ቴራክ-20 በሶፍትዌሩ ውስጥ ተመሳሳይ ጉድለት ነበረው። በዚያ ላይ ግን ሶፍትዌሩ ሲሳሳት ጨረሩን የሚያግድ ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ መከላከያ ስለነበረ ፊውዝ ይቃጠልና ማሽኑ ይቆማል፤ ሰው አይጎዳም። በቴራክ-25 ላይ «ኮምፒውተሩ ይበቃል» ተብሎ መከላከያው ተነሣ። የጸሐፊው ሦስተኛ ነጥብ ይኸው አስተሳሰብ ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ መምጣቱ ያሳዝነኛል።

አውቶማቲክ ቁጥጥርን እየነቀፍኩ አይደለም። ልብ ሲቆም የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠውን አውቶማቲክ ዲፊብሪሌተር ተመልከቱ። የቤልፋስቱ ሐኪም ፍራንክ ፓንትሪጅ በ1960ዎቹ አጋማሽ አምቡላንስ ላይ የጫነው 70 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፣ የሚሠራውም በመኪና ባትሪ ነበር። ክብደቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ወርዷል። ይሁንና ማንም መንገደኛ እንዲጠቀምበት ያስቻለው ክብደቱ መውረዱ ብቻ አልነበረም፤ የልቡን ምት ራሱ አንብቦ፣ ንዝረት የማያስፈልገው ከሆነ «አልሰጥም» ማለት መቻሉ ነው። ተጠቃሚው ደንግጦ ቁልፉን ደጋግሞ ቢጫን እንኳ አይሰጥም። ለዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቆይ መሣሪያ ስለሆነም ባትሪውንና ሰርኪቱን በየጊዜው በራሱ ይፈትሻል፤ ጉድለት ካገኘ በምልክት ያሳውቃል። አውቶማቲክ ማለት እንዲህ ነው።

አምስተኛውን ላስቀድም። ጸሐፊው ደንብ ፈጠራን ገደለ ለማለት ሁለት ምስክር ጠርተዋል፦ የባከንን አራት ሳምንትና በሽተኞች ራሳቸው የሠሩትን ኦፕንኤፒኤስ። ሁለቱም ምስክሮች ለእኔ ነው የሚመሰክሩት። ባከንን ከላይ አይተነዋል። ኦፕንኤፒኤስ ደግሞ ዴና ሉዊስና ባልደረቦቿ በ2015 ለሕዝብ ያቀረቡት፣ ፓምፕንና ሴንሰርን በትንሽ ኮምፒውተር የሚያገናኝ ንድፍ ነው። እኔም አከብረዋለሁ። የማከብረው ግን ጸሐፊው በዘለሉት ምክንያት ነው። ኮምፒውተሩ ለፓምፑ የሚሰጠው ትእዛዝ ጊዜያዊ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ፣ ባትሪው ቢያልቅ፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ጊዜው ያልፍና ፓምፑ በሐኪም ወደተወሰነው መደበኛ አሰጣጥ ይመለሳል። እነዚህ ሰዎች ማንም ሳያስገድዳቸው መጀመሪያ የጠየቁት «ሲበላሽ ምን ይሆናል?» የሚለውን ነው። ደንቡ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ፣ መጠየቁን ለሠሪው በጎ ፈቃድ አለመተዉ ነው። ፈቃድ የመስጠቱ ሂደት ረጅምና አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ማጠር ያለበት ወረፋው እንጂ ጥያቄው አይደለም።

አራተኛውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ቺፑ ርካሽ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ልብን በቀጥታ በሚነካ የመሣሪያ ክፍል በኩል ሾልኮ የሚያልፈው ከረንት በደኅና ጊዜ ከ10 ማይክሮአምፔር፣ አንድ ነገር ተበላሽቶ እያለ ደግሞ ከ50 ማይክሮአምፔር እንዳይበልጥ ዓለም አቀፉ የሕክምና ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የደኅንነት መስፈርት፣ አይኢሲ 60601፣ ያዛል። ይህ ሰው በጣቱ ቢነካው ፈጽሞ የማይሰማው ከረንት ነው፤ ልብ ላይ ግን ከዚህ እምብዛም የማይርቅ መጠን ምትን ሊያዛባ ይችላል። ያን የሚያግደው ትራንስፎርመር፣ በሁለቱ ወገን መካከል የሚተወው ክፍተት፣ ሁለተኛው የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ዋናው ፕሮሰሰር ሥራ ሲያቆም የሚቀሰቅሰው ሰዓት፣ ለዚህ ሁሉ የሚደረገው ፍተሻ ገንዘብ ያስወጣል። በቺፑ ዋጋ መሣሪያውን መተመን በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለውን ያስታውሰኛል።

እውነት ያለበት ግማሽ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ አንዳንድ አምራቾች የሚያስከፍሉን ለደኅንነት ብቻ አይደለም። የጥገና መመሪያውን ይደብቃሉ፤ የመፈተሻውን ገጽ በይለፍ ቃል ይቆልፋሉ፤ ባትሪው ውስጥ መለያ ቺፕ ያስገቡና በመጠንም በቮልቴጅም ያው የሆነ ሌላ ባትሪ ሲገባ መሣሪያው አልነሣም ይላል። ባትሪውን ማምረት ሲያቆሙ ቦርዱ ጤነኛ የሆነ መሣሪያ ይወገዳል። በሜይ 2020፣ በወረርሽኙ መካከል፣ አይፊክስኢት የተባለው ድርጅት በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና መሣሪያ ጥገና መመሪያዎችን ሰብስቦ በነፃ ያቀረበው ጠጋኞች ይህን እጦት ለረጅም ጊዜ ሲያነሱት ስለኖሩ ነው። መከላከያ ያለው መሣሪያ መከላከያው መሥራቱ በየጊዜው ካልተፈተሸ ዋጋ የለውም፤ ለመፈተሽ ደግሞ መመሪያውና ይለፍ ቃሉ ያስፈልጋሉ። ጸሐፊው ቁጣቸውን እዚህ ላይ አውለውት ቢሆን ኖሮ ይህን ምላሽ ባልጻፍኩ ነበር።